ባዮስ ሲሞት የሚያስነሳው ትንሽ ሰሌዳ፦ ሲኤች341ኤ ፕሮግራመርን ተጠቅሜ ያየሁት

ይህን ዕቃ የገዛሁት ላፕቶፔ ከሞተ በኋላ ነው። ቀድሜ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ኮምፒውተር ባልተቀመጥኩ ነበር። ስለዚህ ሳላንዛዛ ልንገራችሁ፦ ሊኑክስ የምትጭኑ፣ ባዮስ (ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አፕዴት የምታደርጉ፣ የሰው ላፕቶፕ የምትጠግኑ ከሆነ ይህ ዕቃ መሳቢያችሁ ውስጥ ይኑር። እንከን አለው። አንዱ እንከኑ ቺፕ እስከ ማቃጠል ሊደርስ የሚችል ስለሆነ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ሲኤች341ኤ ይባላል። በትክክል ከተነጋገርን ይህ ሰሌዳው ላይ ያለው ቺፕ ስም ነው፤ ሰው ግን ዕቃውን በሙሉ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ከአውራ ጣት ትንሽ የሚረዝም ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ባንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ጫፉ ቺፕ አስቀምጠው በማንሻ የሚያጠብቁት ሶኬት አለው። አብሮት ብዙ ጊዜ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚከፈትና የሚዘጋ ክሊፕ ከነሽቦው ይመጣል። ሥራው አንድ ነው። ማዘርቦርድ ላይ የተበየደችውን የባዮስ ቺፕ በቀጥታ ያነባል፣ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ባይነሳም፣ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንም ግድ የለውም።

የእኔ ላፕቶፕ እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። የባዮስ አፕዴት ፕሮግራሙ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ እንደማንኛውም ፕሮግራም ተከፍቶ የሚሠራ ዓይነት ነበር። ከፈትኩት፣ ቀጥል አልኩት፣ መስመሩ መሙላት ጀመረ። ግማሹን አለፍ ሲል ማውዙ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ከዚያ ራሱን ሪስታርት አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ፋኑ ይዞራል፣ የፓወር መብራቷ ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ራም አውጥቼ መለስኩ፣ ዲስኩን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አንድ ሌሊት አውጥቼ አሳደርኩት። ወይ ፍንክች። ጥገና ቤት ስወስደው ቦርዱ ሞቷል፣ በሙሉ መቀየር አለበት ተባልኩ።

ቦርዱ ግን አልሞተም ነበር። የሞተው 8 ሜጋባይት ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ነው የተናደድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈው ሶፍትዌር፣ ማለትም ፈርምዌሩ ነው። የዛሬው ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ሰው አሁንም ባዮስ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። እሱ የሚኖረው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ስምንት እግር ያላት ቺፕ ውስጥ ነው። ዲስካችሁ ላይ ያለው ሁሉ ቢጠፋ ፍላሽ ሰክታችሁ እንደገና ትጭናላችሁ። የእሷ ሲጠፋ ግን ፍላሹን የሚያነበው፣ ራሙን የሚቀሰቅሰው፣ ስክሪኑን የሚያበራው ራሱ ስለጠፋ ከየትም አትጀምሩም። እና ይቺው ቺፕ፣ አምራቹ በሩን በደንብ ካልቆለፈው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ሶፍትዌር ሁሉ ትጻፋለች። አፕዴት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ ስህተት ያለበት ድራይቨር (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል፣ ቫይረስም ሊሆን ይችላል።

ይህ ደግሞ በእኔ አልተጀመረም። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳት የደረሰው በሲአይኤች ቫይረስ ነው። በ1998 ታይዋን ውስጥ የተጻፈ የዊንዶውስ 95 እና 98 ቫይረስ ነው፤ በሚያዝያ 26 ቀን 1999 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲፈነዳ የዲስኩን መጀመሪያ በዜሮ ይሞላና ባዮስ ቺፗ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ለመጻፍ ይሞክር ነበር። የቺፗ በር ክፍት የነበረባቸው ማሽኖች እዚያው ቀሩ። ቫይረስ ሃርድዌር አያበላሽም የሚለው ወሬ ያኔ ነው ያበቃው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ታሪኮች ግን ለእኔ የበለጠ ያስደነግጣሉ፣ ምክንያቱም አጥፊ ሐሳብ ያለው ሰው የለባቸውም። በ2008 የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 2.6.27 የሙከራ ስሪቶች የኢንቴልን የኔትወርክ ካርድ ማህደረ ትውስታ አበላሹ። ጥፋተኛ ተብሎ መጀመሪያ የተጠረጠረው የካርዱ ድራይቨር ነበር፤ በመጨረሻ የተገኘው ግን ከካርዱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ የከርነሉን ውስጥ አሠራር የሚከታተል መሣሪያ ነው፤ የማይገባው አድራሻ ላይ እየጻፈ ነበር። በ2013 መጀመሪያ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስን በዩኢኤፍአይ ስላስነሱ ብቻ ሞቱ። ሁሉም ሊኑክስን ሲረግም ማቲው ጋሬት የሚባለው የከርነል ሠራተኛ ዊንዶውስ ላይ ሆኖም ያንኑ ማሽን መግደል እንደሚቻል አሳየ። ፈርምዌሩ የራሱን ማስታወሻዎች የሚያስቀምጥባት ቦታ ሲሞላበት መነሳት ያቅተው ነበር፣ በቃ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የጻፈው የተፈቀደለትን ነው።

በ2016 ደግሞ አንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ ሊያጠፋ ሁሉንም ፋይል ሰርዝ ብሎ አዘዘ። ሊኑክስ የፈርምዌሩን ማስታወሻዎች እንደ ፋይል ነው የሚያሳየው። ትእዛዙ እነሱንም ጠራርጎ ሰረዘ፣ ላፕቶፑም ከዚያ በኋላ አልነሳም። ልብ በሉ፣ ሰውየው ዲስክ ነው ያጠፋው። ማዘርቦርድ እገድላለሁ ብሎ አላሰበም፣ ማሰብም አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ከርነል 4.5 ላይ እነዚያ ፋይሎች በታወቁ ጥቂቶች ካልሆነ በቀር እንዳይሰረዙ ተደርገው ተቆለፉ። በ2017 ታኅሣሥ ኡቡንቱ 17.10 ከማውረጃ ገጹ ላይ እስከመነሳት ደርሶ ነበር፤ ባዮስ ቺፕን የሚነካ የኢንቴል ድራይቨር ስለበራበት አንዳንድ ላፕቶፖች፣ በተለይ የሌኖቮ፣ የባዮስ ሴቲንግ ማስቀመጥ አቃታቸው፣ አንዳንዶቹም ከዩኤስቢ መነሳት እምቢ አሉ። በወሩ ያ ድራይቨር ጠፍቶ 17.10.1 ወጣ።

እነዚህን የዘረዘርኩት ላስፈራራችሁ አይደለም። ተጠንቀቁ የሚለው ምክር ብቻውን እንደማይበቃ እንድታዩ ነው። ከላይ ካሉት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አላጠፉም። ላፕቶፕ አስነሱ፣ አፕዴት አደረጉ፣ ፋይል ሰረዙ። መከላከያው ከእነሱ ጥንቃቄ በታች፣ ሃርድዌሩ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ፕሮግራመሩ እንደደረሰኝ ላፕቶፑን ገለበጥኩት፣ የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁ፣ ባትሪውን ነቀልኩ። ቻርጀሩንም። ይህን አትዝለሉት፣ ቦርዱ ላይ ሌላ ኃይል ካለ ከፕሮግራመሩ ጋር ይጣላል። ቺፗን ለማግኘት ትንሽ ፈለግኩ። ጽሑፏ በዓይን አይነበብም፣ በስልክ ካሜራ አጉልቼ መብራት አግድም ሳበራበት ነው ዊንቦንድ 25ኪው64 መሆኗን ያየሁት። 64 ማለት 64 ሜጋቢት ነው፣ ማለትም 8 ሜጋባይት። ጥግ ላይ ያለችው ነጠብጣብ አንደኛዋን እግር ታሳያለች፣ የክሊፑ ቀይ ሽቦ ከእሷ ጋር ነው የሚገጥመው። ተገልብጦ ከገጠመ ኃይሉና መሬቱ ይቀያየራሉ፣ ስለዚህ ዩኤስቢውን ከመሰካታችሁ በፊት ሁለቴ እዩት።

ያነበብኩት ፍላሽሮም በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ካለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ። የመጀመሪያው ሙከራ ቺፕ አላገኘሁም አለ። ክሊፑን አንስቼ መለስኩት። ሁለተኛው ላይ አገኛት፣ አነበበ፣ ፋይል ሰጠኝ። ደስ አለኝ፣ ግን አንድ ቦታ ያነበብኩት ምክር ትዝ አለኝና እንደገና አነበብኩ፣ የሁለቱን ፋይሎች አሻራ (ከይዘታቸው የሚሰላውን መለያ ቁጥር) ሳመሳክር የተለያየ ነው። አንዲት እግር በደንብ አልነካችም ነበር። ክሊፑን በጣቴ ተጭኜ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ አነበብኩ። አሁን አንድ ሆኑ። እባካችሁ ሁለት አንድ ዓይነት ንባብ ሳታገኙ ምንም እንዳትጽፉ። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች እንዳሉ በሚያሳይ ፕሮግራም) ስትከፍቱት ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍኤፍ ብቻ ከሆነም ክሊፑ አልነካም ማለት ነው እንጂ ቺፗ ባዶ ናት ማለት ላይሆን ይችላል።

ቀጣዩ ክፍል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከአምራቹ ገጽ የምታወርዱት የአፕዴት ፋይል ብዙ ጊዜ የቺፗ ሙሉ ቅጂ አይደለም። ቺፗ በክፍል በክፍል የተከፋፈለች ናት፤ መጀመሪያ ላይ የክፍፍሉን ካርታ የያዘ ክፍል አለ፣ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን (ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ የሚሠራው ትንሽ መቆጣጠሪያ) የራሱ አለው፣ ባዮሱ የራሱ አለው። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር፣ አንዳንዴ የኔትወርክ ካርዱ መለያ የሆነው ማክ አድራሻ፣ አንዳንዴም የዊንዶውሱ ቁልፍ እዚያው ውስጥ ናቸው። የሌላ ሰው ላፕቶፕ ቅጂ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ብትጽፉበት ሊነሳ ይችላል፣ ግን የሌላ ማሽን መታወቂያ ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ ከሞተው ቺፕ ያነበብኩትን ፋይል እንደ መነሻ ያዝኩና የባዮሱን ክፍል ብቻ ከአፕዴት ፋይሉ አውጥቼ በጤነኛው ተካሁት። ይህ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከመሞቱ በፊት ያነበብኩት ባክአፕ ቢኖረኝ ኖሮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጻፍኩት። ፕሮግራሙ ያጠፋል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል፣ እና ትክክል ነው አለ። ክሊፑን አነሳሁ፣ ባትሪውን መለስኩ፣ ፓወሩን ተጫንኩ። ጨለማ። አንድ ደቂቃ ገደማ ጨለማ። ልቤ ወደቀ። ለካ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ላይ ራሙን እንደ አዲስ ስለሚያስተዋውቅ ይቆያል። ከዚያ የአምራቹ አርማ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ለሦስት ሳምንት ያላየሁትን ዴስክቶፕ እንዳለ፣ ፋይሎቼ እንዳሉ አገኘሁት። ቦርዱ ይቀየር ያሉኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ የላፕቶፑን አብዛኛውን ዋጋ እንደገና እከፍል ነበር፤ የዚህ ሰሌዳ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ተራ ፍላሽ ዲስክ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ እንከኑ። ጥቁሩ የተለመደው ሰሌዳ የቮልቴጅ ችግር አለበት። ለቺፗ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ቮልት ነው፣ ይህ ልክ ነው። የመረጃ መስመሮቹ ግን 5 ቮልት ይወጣባቸዋል፣ ምክንያቱም ሲኤች341ኤው ራሱ ከዩኤስቢው በቀጥታ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው። የራሴን በመልቲሜትር ስለካው በእርግጥም ወደ 5 ተጠጋ። የ25 ቤተሰብ ቺፖች እግራቸው ላይ ከኃይላቸው በላይ ትንሽ እንጂ ይህን ያህል እንዲመጣባቸው አልተሠሩም። ብዙ ሰው እንዲሁ ተጠቅሞበት ምንም አልሆነም፣ የእኔም ቺፕ ተርፋለች። ግን ክሊፑ ሲያያዝ ቮልቴጁ የሚሄደው ወደ ቺፗ ብቻ አይደለም፣ በእነዚያው መስመሮች ወደ ፕሮሰሰሩ ወገንም ያልፋል። አንድ ማሽን ለማዳን ብላችሁ ሌላውን ነገር ልትጎዱ ትችላላችሁ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የሲኤች341ኤውን 28ኛ እግር ከሰሌዳው አንስቶ ከ3.3 ቮልት ጋር በቀጭን ሽቦ ማገናኘት። ብየዳ የሚችል ሰው ይሠራዋል፣ እኔም ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ ሠራሁት፣ አሁን መስመሮቹ 3.3 ናቸው። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ቮልቴጅ መምረጫ ያለውን ዓይነት ፈልጋችሁ ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ይጨምር።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ 1.8 ቮልት የሚሠሩ ቺፖች ሞልተዋል። ለእነሱ መሃል ላይ የሚገባ ትንሽ አዳፕተር ያስፈልጋል። ቺፗ ላይ ያለውን ስም ሙሉውን፣ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ጨምሮ፣ ፈልጋችሁ ቮልቴጁን ሳታረጋግጡ አትሰኩ።

ክሊፑ? አብሮ የሚመጣው ደካማ ነው። ስፕሪንጉ ይላላል፣ ጥርሶቹ ይንሸራተታሉ። ፕሮግራመሩን ወድጄው ክሊፑን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ እንደ ፖሞና 5250 ያለ ደህና ክሊፕ ለብቻው መግዛት ይሻላል፣ ከፕሮግራመሩ ራሱ ይወደዳል ግን ያሳርፋል። እግር የሌላቸው፣ ከሥራቸው የሚበየዱ ጠፍጣፋ ቺፖች ላይ ደግሞ የትኛውም ክሊፕ አይይዝም፤ እነሱን ወይ ማንሳት ነው ወይ በመርፌ መሳይ መንኪያ መያዝ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ሊኑክስ ላይ ፍላሽሮም ምንም ድራይቨር ሳይጠይቅ ሠርቶልኛል። ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ፣ በመስኮት በቁልፍ የሚታዘዙ ፕሮግራሞችም አሉ፣ ለብዙ ሰው ይቀላሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፈርምዌራችሁን የሚጽፍ ፕሮግራም ከማይታወቅ ገጽ አታውርዱ። ከሻጩ ጋር በሲዲ ወይም በሊንክ የሚመጣውንም እኔ አልከፈትኩትም።

ይህ ዕቃ ማዳኛ ነው፣ መከላከያ አይደለም ትሉ ይሆናል። ግማሹ ልክ ነው። ግን እኔ ካዳንኩበት ይልቅ አሁን የምጠቀምበት ለመከላከል ነው። አንደኛው ባክአፕ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቺፗ ራሷ ያላት ቁልፍ ነው። ቺፗ ውስጥ ስቴተስ ሬጂስተር የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ እሷ ላይ ከዚህ እስከዚህ ያለው አይጻፍ ብሎ መወሰን ይቻላል፣ ፍላሽሮምም ይህን ያደርጋል። ያንን ውሳኔ ራሱ ሶፍትዌር እንዳይቀይረው ደግሞ ሦስተኛዋ እግር አለች፤ ሬጂስተሩ ሲቆለፍና ይቺ እግር ከመሬት ጋር ስትያያዝ የትኛውም ድራይቨር፣ የትኛውም ቫይረስ፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ (ሩት) እንኳን ሊከፍተው አይችልም። ኤሌክትሪኩ ነው የሚከለክለው።

ይህን ዘዴ በጣም የወደድኩት ክሮምቡኮች (የጉግል ክሮምኦኤስ የሚሠራባቸው ላፕቶፖች) ላይ ስላየሁት ነው። የድሮዎቹ ክሮምቡኮች ቦርዱ ላይ አንዲት ብሎን አለቻቸው። ብሎኗ እስካለች ድረስ የፈርምዌሩ መነሻ ክፍል አይጻፍም። መጻፍ ከፈለጋችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ብሎኗን ትፈታላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ብሎን አይፈታም። በኋላ የመጡት ይህንን በደኅንነት ቺፕ ተክተውታል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሁሉም ላፕቶፕ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ቤት ውስጥ ስትሞክሩት ግን ሙሉ ቺፗን አትቆልፉ። ዩኢኤፍአይ ሴቲንጉንና የመነሻ ቅደም ተከተሉን እዚያችው ቺፕ ላይ ነው የሚጽፈው፣ ከተከለከለ ምንም ማስታወስ ያቅተዋል፣ አንዳንዱም አይነሳም። መቆለፍ ያለበት የማይቀያየረው የኮድ ክፍል ብቻ ነው። በተጨማሪ አንዳንድ ቦርዶች ፍጥነት ለመጨመር ያቺኑ ሦስተኛ እግር ለመረጃ ማስተላለፊያ ይጠቀሙባታል፣ ያኔ እንደ ቁልፍ አታገለግልም። እኔ የሞከርኩት በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ቦርድ ላይ ነው፣ እስካሁን ጥሩ ነው። ዋናው ላፕቶፔ ላይ አላደረግኩትም።

ዋናው ላፕቶፔ ላይ ያደረግኩት የአምራቹን በር መፈተሽ ነው። የኢንቴል ቦርዶች ላይ የበሩ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ቢት (የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ መቀያየሪያ) አለ፣ ሲበራ ቺፗ ትጻፋለች። ሁለተኛ ቢት አለ፣ እሱ ሲበራ የመጀመሪያውን ለማብራት የሞከረ ሁሉ ፕሮሰሰሩን ያስደነግጠዋል፣ ፈርምዌሩ ይነቃና ቢቱን መልሶ ያጠፋዋል። ብልህ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው፤ የፕሮሰሰሩ ኮሮች (ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎቹ) ብዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው በዚያች ቅጽበት መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ ቢት ተጨመረ፤ ሁሉም ኮሮች በፈርምዌሩ ቁጥጥር ውስጥ ካልገቡ ጽሑፍ የለም የሚል። ሦስቱንም ማብራት የአምራቹ ሥራ ነው። በ2018 ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት ያጋለጠው ሎጃክስ የሚባል አጥፊ ሶፍትዌር ፈርምዌር ውስጥ የሚደበቀው ልክ በዚህች ቀዳዳ በኩል ነበር፣ ይህ ቢት ባልበራባቸው ማሽኖች ላይ። ዲስክ ብትቀይሩ፣ ዊንዶውስ እንደገና ብትጭኑ አይለቅም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ባዮስ ያለ ተረጋገጠ ፊርማ መጻፍ የለበትም የሚል መመሪያ ያወጣው በ2011 ነው። ሰባት ዓመት ቀድሞ!

የእናንተን ለማየት ፕሮግራመር አያስፈልጋችሁም። ሊኑክስ ላይ ኤፍደብሊውአፕዲ የሚባለው የፈርምዌር አፕዴት አገልግሎት የደኅንነት ሪፖርት ያወጣል፤ ባዮሱ ከመጻፍ ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለውን መስመር በመስመር ያሳያችኋል፣ ከዜሮ ጀምሮም ደረጃ ይሰጣል። ቺፕሴክ የሚባለው ደግሞ ጠለቅ ብሎ እነዚያን ቢቶች አንድ በአንድ ያነባል፤ እሱን ግን ለፍተሻ ብቻ ተጠቀሙበት፣ በጣም ኃይለኛ ድራይቨር ስለሚጭን ሲጨርስ አውጡት። የእኔ ላፕቶፕ ሦስተኛው ቢት ጠፍቶ ነበር የተገኘው። አዲሱን ባዮስ ከጫንኩበት በኋላ በራ። አፕዴት አትፍሩ የምለው ለዚህ ነው፣ ራሱ አፕዴት ገድሎት እንኳን።

አፕዴቱ የሚሄድበት መንገድ ነው የሚለየው። ፋይሉን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አዘጋጅቶ ብቻ አስቀምጦ፣ ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ፈርምዌሩ ራሱ ፊርማውን አይቶ ራሱ የሚጽፍበት አሠራር አለ፤ ካፕሱል ይሉታል። ኤፍደብሊውአፕዲም ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚህ ነው። ወይም ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ከፍላሽ ላይ የምትጭኑበት። በሁለቱም ዊንዶውስ ቢንጠለጠል የሚሆን ነገር የለም፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ዊንዶውስ የለም። የእኔን የገደለው ዓይነት፣ በተከፈተ ብሮውዘርና በሚዘፍን ማጫወቻ መሃል ሆኖ ቺፕ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ካጋጠማችሁ ዝጉትና ሌላውን መንገድ ፈልጉ።

ዴስክቶፕ ቦርድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ባዮስ ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ያለውን ወይም ሁለት የባዮስ ቺፕ ያለውን ምረጡ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር እንኳን ሳይኖር ከፍላሽ ላይ ባዮስ ይጽፋል፣ ሁለተኛው አንዱ ሲበላሽ በሌላው ይነሳል። እነዚህ ካሏችሁ ሲኤች341ኤ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። ላፕቶፕ ላይ ግን እንዲህ ያለው ቁልፍ እምብዛም የለም፣ ስለዚህ ለላፕቶፕ ሰው ይህ ሰሌዳ ነው።

ነጥብ ስጥ ብትሉኝ የቮልቴጅ ማስተካከያ ለተደረገለት ከ5 4 እሰጣለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በክሊፑ ነው። ላልተስተካከለው ጥቁር ሰሌዳ 2፣ ያንንም የሰጠሁት ስለሚሠራ ብቻ ነው። የኤስኤስዲ ፈርምዌር፣ የስልክ ማህደረ ትውስታ፣ የይለፍ ቃል የጠፋበት ዲስክ አያድንም፣ ለዚያ አትግዙት። ማሻሻያ ያደረጋችሁበት ባዮስ መጻፍ ካሰባችሁም፣ ቡት ጋርድ (ሲነሳ የፈርምዌሩን ፊርማ የሚፈትሽ የኢንቴል ጥበቃ) የበራባቸው ማሽኖች ፊርማው ካልገጠመ አይነሱም፤ የራሳችሁ ያልተነካ ባክአፕ ከሆነ ችግር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ላፕቶፕ ከፈትኩት። ጤነኛ ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ኧረ ምን ሆነህ ነው ደህናውን የምትፈታው ብላ ስትቆጣ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አሻራው አንድ ሆነ፣ 16 ሜጋባይት ፋይሉን የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ስም ሰጥቼ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩላት። የሚቀጥለውን ባዮስ አፕዴት አብረን ነው የምንጭነው።